«አልደረሰም፤ ይደግ!»

ውድ አንባቢያን፤ በተለይም በሥራና በኑሮ ሩጫ መካከል ልጆቻችሁን የምታሳድጉ እናቶች፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው። «ዓሣ ማጥመድን ከዚህ ዓምድ ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አንድ ቀን ከአጥማጆች መካከል ቆሜ እገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሆኖም በዚያች ቀን ያየሁት ነገር ጥፋቴንም ጭምር ስላሳየኝ፣ ሳልደብቅ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ወደምትኖረው ታላቅ እኅቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። በከተማዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። እኛ ክረምት የምንለው ወቅት እዚያ የሙቀት ወራት ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ይዘጋሉ። እኅቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። እርሷ ቀን ስትተኛ ልጁ ከስልኩ ጋር ይውላል፤ እርሷ ስትነሣ ደግሞ የሥራ ሰዓቷ ይደርሳል። እኔም ከእናታችን የተላከ መልእክት ይዤ ነበር፤ ይኸውም «ልጁን ይዘሽልኝ ነይ፤ እኔ ዘንድ ይደግ» የሚል ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ የእኅቴ የዕረፍት ቀን ነበር። ልጁ ዓሣ ለማጥመድ ውሰጂኝ እያለ እናቱን ሲለምናት ከርሟል። እርሷም ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ብቻ ስለቀረው «ከቀናን ለቅበላ ዓሣ እንበላለን» ብላ ፈቀደች። ከጎረቤት ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ተዋስን፤ እኅቴም ከፍላ የማጥመድ ፈቃድ አወጣች። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ተሻግረን፣ ጎሕ ሲቀድ ቾፕታንክ ከሚባለው ወንዝ ደረስን።

በመንገድ ላይ እኔና እኅቴ «አማርኛ አይሰማም» ብለን በልጁ ፊት ስለ ልጁ ተከራከርን። እኔ «እናታችን ዘንድ ቢሄድ ቋንቋውን ያውቃል፤ አንቺም ታርፊያለሽ» ስላት፣ እርሷ «ልጄን ልኬ ለማን ነው የምሠራው?» ትለኛለች። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ በመስኮት ያያል።

ዓሣ የሚጠመድበት ስፍራ አሮጌ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ለመኪና መንገድ ተሠርቶ፣ በ1987 አጠገቡ አዲስ ድልድይ ሲከፈት፣ ከዳርና ዳር ወደ ወንዙ የገባው ክፍል ለአጥማጆች ተተወላቸው። የተሰየመውም ስለ ዓሣና ስለ አደን በባልቲሞር ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት ይጽፍ በነበረው በጋዜጠኛ ቢል በርተን ስም ነው። ጋዜጠኛም በስሙ ድልድይ ይሰየምለታል ለካ ብዬ በሆዴ ኮራሁ።

ቾፕታንክ እዚያ ቦታ ላይ ወንዝ ብቻ አይደለም። ከላይ የሚወርደው ጣፋጭ ውኃ ከባሕር ከሚመጣው ጨዋማ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ውኃው ሲንቀሳቀስ ትንንሽ ዓሦችን ይዞ ስለሚሄድ፣ ትልልቆቹ በድልድዩ ምሰሶዎች ሥር አድፍጠው ይጠብቃሉ። አጥማጁም የሚጠብቀው ይህንኑ ሰዓት ነው።

ሰው ሁሉ የሚመኘው ዓሣ ስትራይፕድ ባስ ይባላል፤ የሜሪላንድ ሰዎች ሮክፊሽ ይሉታል። በብርማ ጎኑ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ጥቋቁር መስመሮች ከራስጌው እስከ ጅራቱ ተሰምረውበታል። በጸደይ ወራት ከባሕር ወደ ወንዝ ወጥቶ በጣፋጩ ውኃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ልጆቹ በወንዙና በባሕረ ሰላጤው ለጥቂት ዓመታት ካደጉ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ውቅያኖስ ይወጣሉ።

አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ መንጠቋችንን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ከሣጥናቸው ክብ መንጠቆ አውጥተው ሰጡን። «ይኸኛው የሚይዘው ከከንፈሩ ዳር ነው፤ ሆድ ዕቃውን አይጎዳም፤ ሕጉም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው» አሉን። በዚያ ዓመት ሕግ መሠረት አንድ ሰው በቀን መያዝ የሚችለው አንድ ሮክፊሽ ብቻ ሲሆን፣ ርዝመቱም ከ19 ኢንች ማነስ፣ ከ24 ኢንች መብለጥ አልነበረበትም፤ ይኸውም ከ48 እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሙቀቱ በሚያይልበት ከጁላይ 16 እስከ 31 ደግሞ ጭራሽ ተከልክሎ ነበር። እኛ የሄድነው እንደገና በተፈቀደ በአምስተኛው ቀን ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የልጁ ዘንግ እስከ ወገቡ ጎበጠ። ልጁ ክሩን እየጠቀለለ፣ ሽማግሌው መረባቸውን በገመድ አውርደው ዓሣውን አወጡት። እኔም ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ እልል አልሁ። ልጁ ግን ቶሎ ብሎ ከመለኪያው ላይ አጋደመው። 18 ኢንች ከግማሽ ሆነ።

«ግማሽ ኢንች ምን ትሆናለች? ማን ያየናል? ክተተው!» ያልሁት እኔ ነኝ። ለጋዜጣ ስለ ሐቀኝነት የምጽፈው እኔው ነኝ። እኅቴም ለነዳጁና ለፈቃዱ የወጣውን ገንዘብ እያሰበች ይመስለኛል፣ የበረዶ ሣጥኑን ከፈት አደረገች። ልጁ «አይሆንም» አለ። እኔ እኅቴን አያለሁ፤ እኅቴ ልጁን ታያለች፤ ሁለታችን በአማርኛ፣ እርሱ በእንግሊዝኛ እንከራከራለን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓሣው በደረቁ ስሚንቶ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

በመጨረሻ ልጁ ራሱ አንሥቶ ከመረቡ ውስጥ አስገባውና ሽማግሌው ወደ ውኃው አወረዱት። ዓሣው ወዲያው አልሄደም። በጎኑ ተጋድሞ ተንሳፈፈ። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ያየዋል። ከቆይታ በኋላ ጅራቱን አንድ ጊዜ መታና ወደ ታች ጠለቀ። ይትረፍ አይትረፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌው አልተቆጡንም። የሞቀ ውኃ የሚይዘው አየር ጥቂት በመሆኑ፣ ታግሎ የደከመ ዓሣ በበጋ ቶሎ እንደሚሞት ነገሩን፤ «ለመልቀቅ ከሆነ እጅን አርጥቦ ፈጥኖ ነው» አሉ። ግማሽ ኢንቿም ያለ ምክንያት አልተጻፈችም። ዓሣው ከመጠን በላይ እየተጠመደ በመመናመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሜሪላንድ ማጥመዱን ፈጽማ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ 1990 ቆየ። በ1995 ዓሣው አገግሟል ተባለ። በ2019 የወጣ ጥናት ግን እንደገና መመናመኑን አመለከተ። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ በምታደርገው የጫጩት ቆጠራም፣ ከ2019 እስከ 2025 የተገኘው ቁጥር በተከታታይ ከአማካይ በታች ነበር።

ልጁ መንጠቆውን እንደገና አልጣለም። ወደ እኔ ዞሮ ቃል እየፈለገ በአማርኛ «አክስቴ፣ እኔ እኮ እሰማለሁ። በመኪና ያላችሁትን ሁሉ ሰማሁ። ለምን እኔን አትጠይቁኝም?» አለኝ።

አንባቢያን ሆይ፤ የምመልሰው አጣሁ። እኅቴ ዘንጉን አስደግፋ ከልጇ አጠገብ ስሚንቶው ላይ ተቀመጠች። «እሺ፣ አሁን ንገረኝ» አለችው። ልጁም ነገራት። ሌሊት ስትሠራ አድራ ቁልፏ በሩ ላይ ሲንኳኳ እስኪሰማ ድረስ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ስልኩንም እስከዚያ የሚነካካው ለዚህ እንደሆነ ነገራት። አያቱን ማየት ይፈልጋል፤ ከእናቱ ተለይቶ መኖር ግን አይፈልግም። እኅቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ቤት ውስጥ ሁለቱ አንድ ላይ ነቅተው የሚቀመጡበት ሰዓት አልነበራቸውማ!

በዚያ ቀን ይዘን የተመለስነው ሦስት ትንንሽ ፐርች የሚባሉ ዓሦችን ብቻ ነው። እኅቴ ቆዳቸውን ገፍፋ፣ ስባቸውን አውጥታ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ አሽታ ጠበሰቻቸው። ቆዳና ስቡን ማውጣቷ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከፋብሪካ ወደ ውኃ የገቡ አንዳንድ መርዞች የሚጠራቀሙት በዓሣው ስብ ውስጥ ነው። ስለዚህም ሜሪላንድ ውስጥ ለየዓሣው ዓይነት በወር ምን ያህል መብላት እንደሚገባ፣ በተለይም ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት፣ የሚገልጽ መመሪያ ይወጣል። እዚያ የምትኖሩ እኅቶች ሳታዩት ያጠመዳችሁትን አታብሉ።

ማታ ወደ እናታችን ደወልን። ልጁ ስልኩን ነጥቆ «አያቴ፣ ትልቅ ዓሣ ያዝኩ፤ ለቀቅኩት» አላት። «ይዘህ ለቀቅኸው? ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» አለች። ልጁ ቃሉን ፈልጎ ፈልጎ «አልደረሰም፤ ይደግ» አለ። እናታችን ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም «እደግ፣ ተመንደግ የኔ ልጅ» ብላ ስትመርቀው ሰማሁ። ወዲያው እኔን አስጠርታ ስለ መልእክቷ ስትጠይቀኝ «እማዬ፣ እርሱኑ ጠይቂው፤ አማርኛ ይሰማል» አልኋት።

እኅቴ ከጥቂት ወራት በኋላ ከሥራ ሌሊቶቿ ሁለቱን ወደ ቀን አስለወጠች። ገቢዋ በመጠኑ ቀንሷል፤ ዛሬም ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ችግሩ ሁሉ ተፈታ አልላችሁም። ነገር ግን በእነዚያ ሌሊቶች ልጇ በጊዜ ይተኛል።

እንግዲህ እናቶች፤ አዲስ አበባም እንኑር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ ልጆቻችን መጨነቃችን አይቀርም። የምንጨነቀውም ስለምንወዳቸው ነው። ነገር ግን እኛ በላያቸው ላይ ስንከራከር እነርሱ ሁሉን ይሰማሉ፤ ትንፋሻቸውም እንደዚያ ዓሣ ያጥራል። ስለ እነርሱ ከመወሰናችን በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። ለዚህ ወንዝ ዳር መሄድ የግድ አይደለም፤ የቡና ረከቦቱም ሥር ይበቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።