የዘበኛው ጥያቄ

የሰፈራችን የሌሊት ዘበኛ የቀድሞው ጦር ባልደረባ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ለምነው በልተዋል። አንድ ምሽት ሻይ ይዤላቸው ብወጣ፣ «ልጄ፣ ያኔ ‹እነዚህ ሰዎች የት ይግቡ?› ብሎ የጠየቀ ሲቪል ነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ሲያምፁም ነገሩ የጦር ሰፈር ጣጣ ይመስል ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ዙፋኑ ወደቀ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ይደነግጋል። አንድ ሲቪል ብቻውን ግን አይበቃም። ወታደሩ እንዴት እንደሚመለመል፣ ማንን እንደሚያገለግል፣ ሲሰናበት ምን እንደሚበላ እኛም እንጠይቅ፤ በምክር ቤትም እንዲጠየቅ እናድርግ። ሠራዊት ሲታደስም ሲፈርስም ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ከደጃችን ነው።