ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የኖረው የኪዮቶ ሶባ ቤትና ዝናው

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። ስሙ ከመቃብር በላይ ሲውል ግን ስሙን ያወጣው ሥራ አብሮ ይውላል ወይስ ስሙ ብቻውን ይቀራል? ይህ ጥያቄ ስለ ሰው ብቻ የሚጠየቅ አይደለም፤ ስለ ቤትም፥ ስለ ማዕድም ይጠየቃል። «የእገሊት እጅ» እየተባለ በሰፈሩ ሁሉ የተመሰገነ ወጥ ወይም ጠጅ፥ ባለሙያዪቱ ካለፈች በኋላ ስሙ በበሩ ላይ ቀርቶ ጣዕሙ ሲጠፋ ያላየ ሰው ጥቂት ነውና። ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኝ አገር ስለሚኖር አንድ ስመ ጥር የምግብ ቤት በዚህ ጽሑፍ ልናወጋችሁ ወደድን።

ቤቱ የሚገኘው በጃፓን አገር፥ ኪዮቶ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ ነው። ስሙም ሆንኬ ኦዋሪያ ይባላል፤ ትርጓሜውም ከኦዋሪ አገር የመጣው ዋናው ቤት ማለት ነው። የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1465 ዓመተ ምሕረት ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን ላይ ነበሩ። እንግዲህ አንባቢው የቤቱን ዕድሜ በዚህ ይመዝነው። ወደ ኪዮቶ በተጓዝን ጊዜ፥ ዝናው ከግብሩ ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ በዐይናችን ለማየት በዚሁ ቤት ገብተን ከማዕዱ ተቀምጠናል።

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ መናገር ይገባል። ሶባ የእህሉም የምግቡም ስም ነው። ምግቡ እኛ ፓስታ እንደምንለው በቀጭኑ የተቈረጠ የሊጥ ክር ሲሆን፥ እህሉ ግን ከስንዴም ከገብስም ወገን አይደለም። ፍሬው ሦስት ማዕዘን ያለው ጥቁር ቡናማ ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም በሜዳችን ከሚበቅሉት ከእንቧጮና ከመቅመቆ ጋራ በአንድ ቤተ ዘመድ ይቈጥሩታል። ዱቄቱ እንደ ጤፍ ዱቄት ነው፤ ይኸውም እንደ ስንዴ ሊጥ የመሳብና የመለጠጥ ባሕርይ የለውም። እናቶቻችን ጤፉን በውሃ አቅጥነው፥ አቡክተው፥ በምጣድ ላይ በማስፋት ይህን ችግር አልፈውታል። ጃፓኖች ግን ይህንኑ የማይለጠጥ ሊጥ ዳምጠው፥ አጥፈው፥ እንደ ክር አቅጥነው ይቈርጡታል። እንዳይበጣጠስም ብዙዎቹ ከስምንት እጅ የሶባ ዱቄት ላይ ሁለት እጅ የስንዴ ዱቄት ይጨምራሉ። ሥራው የእጅ ልምድን የሚጠይቅ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የሶባ ባለሙያዎች ሦስት ነገሮች ትኩስ መሆን አለባቸው ይላሉ፤ እነርሱም ወፍጮው፥ ሊጡና ቅቅሉ ናቸው። እህሉ ከተፈጨ በኋላ መዐዛው ፈጥኖ ይጠፋል፤ የተቈረጠው ሊጥ ካደረ ይደርቃል፤ የተቀቀለውም ጥቂት ከቈየ ይላሽቃል። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል፤ የቤቱ ዕድሜ ከ560 ዓመት በላይ ሲሆን የምግቡ ዕድሜ ግን ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። የትናንቱ ሶባ ለዛሬ አይተርፍም፤ የአያት ሙያም የልጅ ልጅ እጅ ካልደገመው በቀር ወደ ሣህኑ አይደርስም።

ስለ ቤቱ ታሪክ ደግሞ ጥቂት እንበል። መሥራቾቹ መጀመሪያ ሶባ ሠሪዎች አልነበሩም፤ ከኦዋሪ ወደ ኪዮቶ መጥተው ጣፋጭ ምግብ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን በኪዮቶ የነበሩት የቡድሃ ገዳማት መነኮሳት ሶባ ይመገቡ ነበር። ዱቄት ማቡካት፥ መዳመጥና መቍረጥ የሚችሉት፥ መሣሪያውም የነበራቸው ጣፋጭ ሠሪዎች ስለ ነበሩ ገዳማቱ ሥራውን ለእነርሱ ይሰጡ ጀመር። ቤቱም በ1700 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሶባ ሥራ ገባ፤ ከዚያም ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት እስከ ማቅረብ ደረሰ። የጥንቱንም ሙያ ፈጽሞ አልተወም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከሶባ ዱቄት የተሠራ ጣፋጭ ይሸጣል።

ይህ ሁሉ የሆነው በሰላም ዘመን ብቻ አይደለም። ቤቱ በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1467፥ የኦኒን ጦርነት የተባለው የመሳፍንት ውጊያ ተነሥቶ ዐሥር ዓመት ሙሉ ኪዮቶን አቃጥሏታል። በ1788 ዓ.ም. ታላቅ እሳት ተነሥቶ ቤተ መንግሥቱን ሳይቀር በላ፤ በ1864ም ሌላ ውጊያና ሌላ ቃጠሎ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ ቶኪዮ ስላዛወሩ ከተማይቱ የጥንት ክብሯ ተቀነሰ። ሙያው ግን ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ይህን ሁሉ ተሻገረ።

ዛሬ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ፥ ከኒጆ ጎዳና ጥቂት ወረድ ብሎ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ቤቱ እንደ ጥንቱ የኪዮቶ ቤቶች በእንጨት የታነፀ ነው። በደጃፉ ላይ ኖሬን የሚሉት የጨርቅ መጋረጃ ተሰቅሏል። ቤቱ ሲከፈት ኖሬኑ ይሰቀላል፥ ሲዘጋ ይወርዳል። ጃፓኖች ይህንኑ ቃል የአንድን ንግድ ቤት መልካም ስም ለማመልከትም ይጠቀሙበታል፤ ስሙን ያጐደፈ ሰው «ኖሬኑን አቈሰለ» ይባላል። ከደጅ ቆመው ተራ ከሚጠብቁት መካከል ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶች ነበሩ፤ ነገር ግን ከቢሮ የወጡ የከተማው ሠራተኞችና ሽማግሌዎችም ከእነርሱ ጋራ ቆመው ነበር።

የቤቱ ታዋቂ ማዕድ ሆራይ ሶባ ይባላል። አሳላፊዋ አጐንብሳ እጅ ከነሣች በኋላ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ አምስት ክብ የእንጨት ሣህኖች አቀረበችልን፤ በየሣህኑ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ቀዝቃዛ ሶባ አለ። ከአጠገቡም ስምንት ዓይነት ማጣፈጫ ይቀርባል፤ እንጉዳይ፥ በቀጭኑ የተከተፈ እንቍላል፥ ሰሊጥ፥ ባሮ ሽንኩርት፥ የተፋቀ ነጭ ፍጅል፥ የባሕር ሣር፥ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን የሚወጋ ዋሳቢ፥ የተጠበሰም ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፑን፥ ክንፍና ቅርፊት ከሌላቸው ወገን ስለ ሆነና ሥርዐታችን ስለማይፈቅደው፥ ለይተን አስቀረነው። መረቁ የሚዘጋጀው ኮምቡ ከተባለ የባሕር ዕፅና ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ ነው። ሥጋ ስለማይታይበት የጾም ምግብ የሚመስለው እንግዳ ስለሚኖር፥ በጾም ቀን የሚሄድ ክርስቲያን ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ሶባውን በመረቁ እየጠቀሱ ይበሉታል፤ ሲመጥጡት ድምፅ ማሰማት በዚያ አገር ነውር አይደለም። ጣዕሙ ግን ለበርበሬና ለሚጥሚጣ ለለመደ አፍ እጅግ ጸጥ ያለ ነው። የእህሉ መዐዛ የሚሰማው ቀስ ብሎ ላኘከው ብቻ ነው። ማዕዱ ሲፈጸም ሶባው የተቀቀለበት ትኩስ ውሃ ይመጣል፤ ይህም በተረፈው መረቅ ላይ ተጨምሮ ይጠጣል። ከእህሉ ኀይል ወደ ውሃው የወጣው እንዳይባክን ይህን ያደርጋሉ። እኛም የቤታችን እናቶች አብሲት ሲጥሉ፥ የእርሾውንም ውሃ ሲያኖሩ የሚያሳዩትን ቍጠባ በዚህ አሰብን።

እንግዲህ ዝናው ዛሬም እውነት ነውን? መልሳችን ሁለት ወገን ነው፤ ዝናውም ሁለት ነውና። አንደኛው ዝና የጎረቤት ምስክርነት ነው፤ ይህ ቤት ንጹሕ መረቅና በሥርዐት የተቈረጠ ሶባ ያቀርባል የሚለው ነው። ይህን በተመለከተ ቤቱ ቃሉን ጠብቋል ብለን ያለ ጥርጥር እንመሰክራለን። ሁለተኛው ዝና ከሩቅ የመጣ ወሬ ነው። በ2024 ብቻ ወደ ጃፓን የገቡት የውጭ አገር ጐብኝዎች ከ36 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙው «የአምስት መቶ ዓመት ምግብ» ሲባል ሰምቶ ተአምር የሆነ ጣዕም ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ሰው ማዘኑ አይቀርም፤ ሶባ ተአምር የመሆን ነገር የለውምና። በጣዕም ብቻ ከተመዘነ በዚያችው ከተማ ትናንት የተከፈተ ትንሽ ቤት ሊስተካከለው ይችላል። ጥፋቱ ግን ወሬውን ያገነነው ሰው እንጂ የሶባው አይደለም።

ለእንደዚህ ያለ ቤት ትልቁ ፈተና እሳትም ጦርነትም አይመስለንም፤ ዝናው ራሱ ነው። ደጃፉ በሰው የተሞላ ባለቤት፥ ዛሬ ሊጡን ቢያሳድር፥ መረቁንም ቢያቀጥን፥ ነገ የሚመጣው እንግዳ ልዩነቱን አያውቅበትም፤ እንግዳው ተመልሶ አይመጣምና። የሚያውቅበት ሠላሳ ዓመት የተመላለሰው የሰፈሩ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ዳኛ ለማግኘት የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን በወረፋው ውስጥ የቆመውን ጎረቤት መመልከት ይገባል። እርሱ የቀረ ዕለት ስሙ ባዶ ቀፎ ይሆናል። በዚያ ቀን ባየነው ማዕድ ጎረቤቱ ገና አልቀረም።

ይህ ነገር ለየቤታችን የሚሆን ምክር አለው። ልጆቻችን «የአያታችን ጠላ፥ የእናታችን ዶሮ ወጥ» እያሉ ሲመኩ መስማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጌሾውን ወቅጣ፥ ብቅሉን አብቅላ፥ ሽንኩርቱን አቁላልታ ያየች ልጅ በቤቱ ውስጥ ከሌለች ምስጋናው ከአንድ ትውልድ አያልፍም። ወንድ ልጅም ቢሆን ሙያው ቢገባው አይጎዳውም። እንግዲህ ወላጆች በዚህ በያዝነው ወር ከልጆቻቸው ጋራ አንድ ቀን ይምረጡና፥ ቤታቸው የተመሰገነበትን አንድ ሙያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ይሥሩት። ኖሬኑ በየማለዳው ካልተሰቀለ በሩ ላይ አይገኝም።