መልሱን ባናውቅም ጥያቄውን እናውቃለን

ዛሬ ልጆች የሚማሩትን ሁሉ እኛ አያቶች አናውቀውም። ኮምቦልቻ የምትኖረው የልጅ ልጄና አራት ጓደኞቿ ለውድድር የሚያቀርቧትን ትንሽ ሮቦት ፕሮግራም ማድረግ ሲጀምሩ የሚያስተምራቸው አልነበረም። ያላቸው በስልክ ያወረዷቸው ቪዲዮዎችና በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ላፕቶፕ ነው።

እናቷ ተጨነቀች። አልፈረድኩባትም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሚረሳ ወላጅ የለም። «በዚህ ዓመት መጫወቻ መኪና ይዘው ይቀመጡ?» አለችኝ በስልክ። እኔም ከደሴ ቁልቁለቱን ይዤ ወረድኩ።

ሳየው መጫወቻ አይደለም። ሮቦቷ ነጭ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር ተከትላ መሄድ አለባት። ከሆዷ ሥር ብርሃን እየላኩ የሚመለሰውን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሏት፤ ነጩ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ይውጠዋል። የግራው ጥቁር ካገኘ ወደ ግራ፣ የቀኙ ካገኘ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ለነርስ ይህ እንግዳ አይደለም። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚተኛበት ኢንኩቤተርም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱን ይለካል፣ ሲቀንስ ያሞቃል፣ ሲበቃ ያቆማል፣ መልሶ ይለካል።

ሮቦቷ ግን አንዳንዴ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አንዳንዴ መስመሩን ትስታለች። እነሱም በሳተች ቁጥር ፕሮግራሙን አፍርሰው ይጽፋሉ። «የምትስተው መቼ መቼ ነው?» አልኳቸው። አምስቱም የተለያየ ሰዓት ነገሩኝ። ዋርድ ውስጥ ትኩሳት ያለበት በሽተኛ ሲተኛ መጀመሪያ የምንከፍተው ቻርት ነው፤ ከነሰዓቱ ያልተመዘገበ ትኩሳት ብዙ አይናገርም። ደብተር አውጥተው ሰዓቱን፣ ፍጥነቱንና የሆነውን መመዝገብ ጀመሩ። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ ተስማሙ።

በአራተኛው ቀን የልጅ ልጄ ደወለች። «እማማ፣ ለካ ፀሐዩ ነው! ከሰዓት በኋላ በመስኮት ሲገባ ነው የምትስተው።» የፀሐይ ብርሃን ሴንሰሮቹ የሚለኩት ዓይነት የማይታይ ጨረር ስላለው ያደናግራቸዋል። ፕሮግራሙ ጤነኛ ነበር። የሆዷን ዙሪያ በጥቁር ካርቶን ከለሉት፤ ከመነሳቷ በፊትም የቦታውን ብርሃን እንድትለካ አደረጉ።

በራሳቸው የተማሩ ልጆች ለአገራችን አዲስ አይደሉም። ቤተልሔም ደሴ በልጅነቷ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው ሐረር በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው። በኋላ አዲስ አበባ በአይኮግ ላብስ ልጆች ኮዲንግ የሚማሩበትን ፕሮግራም መርታለች። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችው ሮቦት ሶፊያም፣ ሶፍትዌሯ በከፊል የተሠራው በዚያው ድርጅት ወጣቶች ነው። ልብ በሉ፤ ያቺ ልጅ ዕቃ የምትነካበት ሱቅና የማይከለክላት አባት ነበሯት። በራስ መማር ማለት ያለ ሰው መማር ማለት አይደለም።

ከልጄ ጋር ቡና አፍልተን ተነጋገርን። ሮቦቷ ቅዳሜ ከሰዓትና በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ሌላው ጊዜ ለፈተናው ሆነ። ውድድሩ ገና ነው፤ ማሸነፍ መሸነፋቸውን አሁን ማንም አይነግረንም። ደብተሩ ግን አሁን ለፊዚክስ ጥያቄዎችም አንድ ገጽ አለው፤ የሳቱትን ከነምክንያቱ ይጽፉበታል።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ኮዱን ማንበብ አይጠበቅብንም። ምን አደረጋችሁ? ምን ሆነ? መቼ? ብለን መጠየቅ፣ መልሱንም ቁጭ ብለን መስማት ግን አያቅተንም።