የሞተር መጋዝን በደኅና ስለ ማስነሣት

በሞተር መጋዝ የሚሠራ ሰው አደጋ የሚያገኘው ዛፉ ሲወድቅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ባሕር ዛፍ ቈርጠው የሚተዳደሩትን አጎቴን በትምህርት ቤት ዕረፍት ሳግዝ እንደ ተመለከትሁት፣ ገና አንድ ቅርንጫፍ ሳይነካ፣ ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜም ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርሁትን ለባልንጀሮቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በሰፈራችን ዛፍ ቈራጮች ዘንድ እንደ ጀግንነት የሚቈጠር አንድ ልማድ አለ። ይኸውም መጋዙን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ወደ ታች እየወረወሩ፣ በሌላው እጅ የማስነሻውን ገመድ መሳብ ነው። ለሚያየው ያምራል፤ ነገር ግን መጋዙን የያዘው አንድ እጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በድንገት ሲነሣ መጋዙ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። በተለይም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር መዝጊያው ተስቦ ሲነሣ፣ ፍጥነቱ ከፍ ስለሚል ሰንሰለቱ ወዲያው ሊሽከረከር ይችላል። አንድ ጐረቤታችን በዚሁ ዓይነት ሲያስነሡ ጭናቸውን ተቈረጡ። ነፍሳቸው ብትተርፍም በዚያ ዓመት አላረሱም። በእርሳቸው ፈንታ ሞፈር የጨበጠው ከእኛ ጋር ይማር የነበረው ልጃቸው ነው፤ እርሱም እስከ ዛሬ ወደ ክፍላችን አልተመለሰም።

አጎቴ የሚያስነሡት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቤንዚን ከቀዱበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ይርቃሉ፤ የፈሰሰ ቤንዚን በአንዲት ብልጭታ ይያያዛልና። በአጠገባቸው የቆመውንም ሰው ሁሉ ያርቃሉ። ቀጥሎ ከፊተኛው እጀታ ፊት ያለውን መከላከያ ወደ ፊት ገፍተው የሰንሰለቱን ፍሬን ይይዛሉ። የጀርመኑ ሽቲል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ የሚመዝንና ሁለት ሰው የሚይዘው ነበር፤ ይህ ፍሬን የተለመደው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው።

ከዚያም መጋዙን በደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ሰንሰለቱ ድንጋይም ሆነ እንጨት እንዳይነካ ይመለከታሉ። በግራ እጃቸው የፊተኛውን እጀታ ጨብጠው ወደ መሬት ይጫናሉ፤ በቀኝ ጫማቸው ጫፍ የኋለኛውን እጀታ ይረግጣሉ። በቀኝ እጃቸውም ገመዱን እስኪከብዳቸው ድረስ ቀስ ብለው ይስቡና ፈጠን አድርገው ይመነጭቁታል። ገመዱን በእጃቸው ላይ አይጠመጥሙም፤ ሲመለስም በድንገት አይለቁትም። መሬቱ የማይመች ሲሆን ደግሞ፣ የግራ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው የፊተኛውን እጀታ እንደ ጨበጡ፣ የኋለኛውን በሁለት ጭኖቻቸው መካከል አጥብቀው ይዘው ያስነሣሉ።

ሞተሩ እንደ ተነሣ ምላጩን ለቅጽበት ነካ አድርገው ፍጥነቱን ያበርዱታል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ይለቃሉ። ምላጩ ሳይነካ ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍተው ያስተካክላሉ እንጂ ሥራ አይጀምሩም።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እንደ ሌሎቹ ቶሎ የማያስነሡት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተን የማስተምርህ በእነዚህ እግሮች ቆሜ ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ በመጋዝ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ዛፍ የሚቈርጥ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያለን ተማሪዎች ሁሉ ይህን ወደ ቤታችን ወስደን ብናነብላቸው፣ የተማርነው ፊደል ለወገን ጠቀመ ማለት ነው።