ቀን አለ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ቆመው ቡችላ የሚሸጡ ወጣቶች አይታችሁ ይሆናል። መኪናው ገና ዝግ ሲል ነው ዘር መቁጠር የሚጀምሩት። «ጀርመን ሸፐርድ ነው፤ አባቱ የፖሊስ ውሻ ነው» ይላሉ። ገዢውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ያልታደለው ቡችላ ደግሞ «የአበሻ ውሻ» ይባልና በግማሽ ዋጋም የሚወስደው ያጣል። ዘር የለውም ማለታቸው ነው።

እኔ ያደግሁት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ገብስና በግ ከማይጠፋበት የቦረና ደጋ ነው። እዚያ ዘር የሌለው ውሻ የለም። ወረቀት ባይኖረውም በእናቱ ይቆጠራል። እገሌ ቤት ያለችው ውሻ ከጅብ አፍ በግ አስጥላለች ከተባለ፣ ገና ሳታረግዝ ቡችላዋ ቃል ይገባበታል። አያቴ የመጀመሪያ ውሻዬን ያመጡልኝ እንዲህ ነው፤ ዓመት ጠብቀው፣ አንድ ቁና ባቄላ ከፍለው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ ሲያዩት ቀጫጫ፣ ሲነካ ግን እሳት። የጃንሆይ ሉሉ ቺዋዋ ነበር ይባላል፤ ቺዋዋ የሜክሲኮ ዘር ነው። አዛዋክም የማሊ ተብሎ በዓለም የውሻ ማኅበር መዝገብ ገብቷል። የኛ የደጋ ውሻ እዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ እርሱም ቅር ያለው አይመስለኝም።

ስሙን «ቀን አለ» አሉት። ነገሩ የድንበር ነው። አያቴ ከጎረቤታችን ጋር በአንዲት ቦይ ተካስሰው ፍርዱ ወደዚያኛው አጋደለ። በኛ ሰፈር እንዲህ ሲሆን ሰው አይሰደብም፤ ውሻ ይሰየማል። ማታ ማታ «ቀን አለ! ና፣ ቀን አለ!» ብለው ሲጣሩ ድምፃቸው ከማን ጆሮ እንዲገባ እንደፈለጉ ሁሉም ያውቃል። ጎረቤታችንም ሞኝ አልነበሩም። ወር ሳይሞላ ቡችላ አምጥተው «እናያለን» አሏት። ሁለቱ ሽማግሌዎች በውሾቻቸው ስም ሲወራወሩ፣ ቀን አለና እናያለን ግን አንድ አጥር ሥር ያድሩ ነበር።

ውሻ ይወደዳል ስላችሁ ሶፋ ላይ የሚተኛ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ሙስሊም ስለነበሩ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ያጥባሉ፤ አንዱን በአፈር። እኛ ክርስቲያኖቹም ከዚያ አንሻልም፤ ቀን አለ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሌሊት ቤት ገብቶ አላደረም። እሑድ እሑድ ተከትሎን ይመጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጋደም ብሎ ቅዳሴ ያስጨርሳል። እረኝነት ስንወጣ ግን ቂጣዬን እኩል ነበር የምንካፈለው።

በአምስተኛው ዓመት፣ ጫካው ጥግ አድሮ አንገቱን ተነክሶ መጣ። ቁስሉ ደረቀ። ወር ቆይቶ ግን ለሃጩ ይዝረበረብ፣ መንጋጋው ይንጠለጠል ጀመር፤ ስጠራው እንደማያውቀኝ አየኝ። አያቴ በጠፍር ከጽዱ ጋር አሰሩት። ጠመንጃ የነበራቸው ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። አያቴ አጥሩን ዞረው ለዓመታት ያልረገጡትን ደጅ ረገጡ። ሰውዬው ምንም አልተናገሩም፤ መሣሪያቸውን አንሥተው መጡ። ከተኩሱ በኋላም ጅብ እንዳያወጣው ጉድጓዱን አጥልቀው አብረው ቆፈሩ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ከዚያ በኩል ሌላ አንድ ተኩስ ሰማን። የድንበሩ ክርክር ግን ቀጠለ።

እኔን ደሴ ድረስ ወሰዱኝ። የያኔው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ በየቀኑ የሚወጋ ነበር። የበግ እረኛ በበግ ዳነ ማለት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም እንስሳም አይተርፍም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ሰው ላይ ከሞከረው ወዲህ በእጃችን ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። «ውሾቹን መጨረስ ነው እንጂ!» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አልስማማም። የተገደለውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ መጥቶ ይይዘዋል።

ጉዳዩ የሰውና የውሻ ብቻም አይደለም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ቁጥሩም ከ500 በታች ነው። ከቀሩት ጥቂቶቹ የሚኖሩት እዚያው በኛ አገር፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ውስጥ ነው። በባሌ ተራሮች በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. ገደማ ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ስለዚህም ነው ቀበሮውን ለማትረፍ የተነሡት ሰዎች የእረኛውን ውሻ ሲከትቡ የሚውሉት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በባሌ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ተሸፍኖ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ጀመሩ።

በቀደም የእህቴ ልጅ ከመካነ ሰላም ደውሎ ቡችላ መያዙን አበሠረኝ።

«አስከተብከው?»

«ገበያ ስንወርድ ይዤው እሄዳለሁ፣ ጋሼ።»

«እናቱስ?»

«ነብር ያባረረችው ናት!»

«ስሙን ማን አልከው?»

«ቦቢ።»

ቦቢ! ልጁ ከጎረቤት ጋር ሰላም ነው ማለት ነው።