በኪሎ የተሸጠው የእርሳስ ጽሑፍ

ዛሬ አሮጌ ሞቶ ጉዚ ወይም ቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ በስልኩ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። በየአገሩ ያሉ የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ከአባቶቻቸው ሳጥን እያወጡ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሡ ኢንተርኔት ላይ ለቀውታል። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚያ የማይገኘው ነው፤ የእኛ ሜካኒኮች በዚያው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፉት። እሱን የትም ብትፈልጉ አታገኙትም። በኪሎ ተሽጧል።

የፋብሪካ መጽሐፍ ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ እንጦጦ ዳገት አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላማው አውሮፓ በተጻፈው ልክ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል። ስለዚህ ባለሙያው ጂግለር የሚሏትን፣ ቤንዚን የምትመጥነውን ባለቀዳዳ ትንሽ ናስ አውጥቶ በጠበበች ይቀይራል። ያው ሞተር አዋሽ ሲወርድ ደግሞ በተራው ቤንዚን ያጥረዋል፤ ይግላል፣ ሲብስም ፒስተኑ ይነክሳል። ለአዲስ አበባ የትኛው የጂግለር ቁጥር፣ ለአዋሽ የትኛው? ይህን በጉዚ ከተማ ማንዴሎም በቢ.ኤስ.ኤ. ከተማ በርሚንግሃምም የጻፈ የለም። የጻፉት እጃቸው ግራሶ የጠጣ የእኛ ሰዎች ናቸው።

ፒያሳ አካባቢ የነበረ አንድ ጋራዥ አውቃለሁ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በልጅነታቸው ለጣሊያን ሜካኒክ ካንዴላ ሲያጸዱ ነው ሙያውን የያዙት። መደርደሪያቸው ላይ የጉዚ ፋልኮኔ መጽሐፍ ነበር፤ ሲሊንደሩ ወደፊት የተጋደመው፣ ቮላኖው ከካርተሩ ውጭ ራቁቱን የሚሽከረከረው ያ ባለ 500 ሲሲ ሞተር። ከጎኑ የቬስፓ፣ ቀጥሎ የያማሃ። ጣሊያንኛው ሥር አማርኛ፣ እንግሊዝኛውም ሥር አማርኛ። በደርግ ዘመን ዕቃ ከውጭ እንደ ልብ በማይገባበት ጊዜ የየትኛው መኪና ኩሽኔታ ለየትኛው ሞተር ጎማ እንደሚገጥም፣ የትኛው ሞላ ተቆርጦ እንደሚሠራ፣ የትኛው ተሞክሮ እንዳልሆነ ጭምር ጽፈውታል። ያልሆነውን መጻፋቸው ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

የያማሃው መጽሐፍ ብቻውን ስንት ሞተር ባዳነ! በየገጠሩ የግብርናና የጤና ሠራተኛ የጋለባቸው እነዚያ ባለ ሁለት ምት ያማሃዎች ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያደርሳቸው የራሳቸው ትንሽ ፓምፕ አላቸው። ፓምፑ ተፈትቶ ሲገጠም ወይም ዘይቱ አልቆ ሲሞላ በውስጡ የቀረው አየር በአንዲት ብሎን በኩል መውጣት አለበት፤ የፓምፑ ገመድም ምልክቱ ላይ መግጠም አለበት። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ያን ገጽ ያላየ ጎበዝ ግን ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ዘይት ያልደረሰው ፒስተን መንገድ ላይ ይነክሳል። ከዚያ ሞተሩ በወረዳ ግቢ ጥግ ዝናብ ሲመታው ይኖራል። እንዲህ ሆነው የቀሩትን ያላየ ማን አለ?

ጋሼ ሲያርፉ ብረቱ ለብረት ገዢ፣ ወረቀቱ ለቆራሌው ሄደ። ከዚያ የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ሆነ። ልጆቻቸውን አልወቅስም፤ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ማን ነገራቸው? የጋራዡ አግዳሚ ወንበር ግን ይከነክነኛል። ለዓመታት እዚያ ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ካሜራ ያለው ስልክ በእጁ ይዞ ነበር። ከመካከላቸው መሐንዲስ ነበረ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ተማሪም ነበረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃ ነበር። ሽማግሌውም ቢጠየቁ ደስ ብሏቸው በገለጹልን።

ካሜራ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ጆን ሄይንስ የሚባል የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1965 ኤደን ተመድቦ ነበር፤ ከጅቡቲ ማዶ ባለችው፣ የእኛ ነጋዴዎች ሲመላለሱባት በኖሩት ኤደን። ጓደኛው የተጎሳቆለች ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና ገዝቶ አግዘኝ አለው። ሄይንስ የፋብሪካው መጽሐፍ ለተራ ሰው እንደማይሆን ሲያይ ካሜራ ገዛ፤ ሞተሩን ሲፈቱና ሲገጥሙ ደረጃ በደረጃ አነሣው። በማግሥቱ ዓመት በመጽሐፍ አወጣው፤ የመጀመሪያው 3,000 ቅጂ ሦስት ወር ሳይሞላ አለቀ። የዓለም ጋራዥ ሁሉ የሚያውቀው የሄይንስ መጽሐፍ እንዲህ ተጀመረ። ከእኛ ባሕር ማዶ፣ በአንድ ካሜራ! የቢ.ኤስ.ኤ. ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲወድቅ መዝገቦቹን የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ክለብ አዳናቸው፤ ዛሬ ባለቤቱ የሞተሩን ቁጥር ይዞ ቢጠይቅ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ ይነግሩታል። እኛ ዘንድ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

የጋሼን መጽሐፍ የሚመልሰው የለም። ነገር ግን በድሬዳዋ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በየከተማው ጋራዥ ከመደርደሪያ ያልወረደ ሌላ መጽሐፍ ይኖራል። አሮጌ ሜካኒክ የምታውቁ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ አንሡት፤ ጠርዙን አትቁረጡ፣ የእርሳሱን ጽሑፍ አታጥፉ፤ ያልገባችሁን ሲያስረዷችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ከዚያ ስልካችሁ ውስጥ አታስቀሩት፤ ለፈለገ ሁሉ በነፃ ልቀቁት። ያ ትውልድ ዕድሜው ሰማንያን እያለፈ ነው።