ለአክስቴ ባሕር ላይ የዋሸኋት ውሸት

ውሸት አልወድም። ግን ዋሽቻለሁ። ያውም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የትምህርት ቤት ክፍያዬን ከአሜሪካ እየላከች ያስተማረችኝን አክስቴን፤ ያውም በገዛ ገንዘቧ መርከብ አሳፍራ ስታዝናናኝ!

ውሸቱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። «ባሕር የሌለን ሰዎች ከሽርሽር መርከብ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ግን «ክሩዝ ሄድን» የሚል ፎቶግራፍ ሳይደርሰው አይቀርም። ነገ እናንተንም ይጋብዟችሁ ይሆናልና ስሙኝ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አክስቴ በዚያ ስለምትቆጥር።)

አክስቴ ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድታለች። በ1997 አዲስ ሙሽራ ሳለች ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ እየነዳ ያጠራቀማትን ይዞ ከማያሚ በሚነሳ መርከብ የሰባት ቀን ሽርሽር ወሰዳት። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ በስልክ ስሰማው ነው ያደግኩት። የምትደጋግመው ስለ ባሕሩ አይደለም፤ ስለ ደሴቶቹም አይደለም። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው አልጋዬን አነጠፈልኝ» ነው የምትለው።

እሷ እንደምትለው፣ ያኔ ክፍላቸውን የያዘው ሰው በቀን ሁለቴ ይመጣ ነበር። ጠዋት ያጸዳል። ማታ እነሱ እራት ላይ ሳሉ ደግሞ ገብቶ አንሶላውን ገለጥ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጎ፣ ትራሱ ላይ ቸኮሌት አስቀምጦ ይወጣል። የእራት ጠረጴዛቸው አንድ፣ ሰዓታቸው አንድ፣ አስተናጋጃቸውም ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ነበር፤ ሕንዳዊ ነው። ረቡዕ ማታ ሥጋውን ስትመልስበት ምክንያቱን ጠየቃት፤ ጾም መሆኑን ነገረችው። አርብ ማታ ምንም ሳትናገር አትክልት በሩዝ አሠርቶ ይዞላት መጣ። አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁሌም ድምጿ ይለወጣል። «እናቴ እንኳ አንዳንዴ አርብን ትረሳ ነበር» ትላለች። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ከበረዶ በተጠረበ ዓሣና ወፍ የተዋበ ቡፌ ይዘረጋል። በመጨረሻዋ ማታ ጉርሻውን በፖስታ በፖስታ አድርገው ለየሰዉ በእጁ ሰጡ። ከሕንዳዊው ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ሳሎኗ ውስጥ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል።

ባሏ ካረፈ በኋላ «ያንን ሽርሽር አንዴ ልድገመው» አለች። እኔም ያን ጊዜ እሷ ዘንድ መጥቼ ነበርና ጓደኛ አድርጋ እኔን ያዘች። በዲሴምበር 2024፣ በገና ጾም፣ ከዚያው ከማያሚ ተነሳን።

መርከቡን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! አንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈር እንዳለ ተነስቶ ውሃ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ አክስቴ ግን የምትፈልገው ሌላ ነው፤ አስተናጋጇን! «የኛ ጠረጴዛ የቱ ነው?» ብላ ብትጠይቅ «የናንተ የሚባል የለም፤ በስልካችሁ ተራ ያዙ፣ ሲደርስ ይጠራችኋል» አሏት። የምግብ ዝርዝሩም ስልክ ውስጥ ነው። አክስቴ መነጽሯን ፍለጋ ቦርሳዋን ስታተራምስ እኔ እያነበብኩ ነገርኳት። በየማታው ሌላ ጠረጴዛ፣ ሌላ ፊት። ጾመኛ መሆናችንን በየማታው እንደ አዲስ ማስረዳት ሆነ ሥራችን። በሁለተኛው ማታ ሰላጣ መጣልን፤ ላዩ ላይ አይብ ተበትኖበታል። ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀና ቀየረው። ምን ያድርግ? በማግስቱ እሱም እኛን አያገኘን፣ እኛም እሱን።

ክፍላችንን የያዘው ኢንዶኔዥያዊ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ፈገግ ብሎ «ጠዋት ይሻላችኋል ወይስ ማታ?» አለን። አክስቴ «ሁለቱንም» አለችው። ለካስ ጥያቄው አንዱን ምረጡ ማለት ኖሯል። ቸኮሌት የለም። የእኩለ ሌሊቱ ቡፌ የለም፤ የራበው ተሰልፎ ፒዛ ይወስዳል።

በሦስተኛው ቀን በአሳንሰር ላይኛው ፎቅ ወጣንና አንድ የመስታወት በር ላይ ደረስን። አክስቴ ካርዷን ስታስጠጋው ቀይ በራባት። በመስታወቱ ውስጥ ግን ይታያል፤ ለብቻው የተከለለ የመዋኛ ገንዳ፣ ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ የጣለ አስተናጋጅ፣ ጎንበስ ብሎ አንዲት ሴትዮን በስሟ ሲጠራት።

«ይኸው!» አለች አክስቴ፣ «የኔ አስተናጋጅ እዚህ ነው ያለው!»

ቀልድ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። የታይታኒክን ፊልም ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው በ1912 መርከብ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ነበር። በኋላ መርከብ የሽርሽር ሲሆን፣ ማያሚ ላይ ገበያው ሲደራ፣ ይህ ግድግዳ በአብዛኛው ፈረሰ። ክፍሉ ይበልጥ ያነስ ይሆናል እንጂ ሁሉም እራቱን የሚበላው አንድ አዳራሽ ነው፤ የሆቴል አጽጂና ታክሲ ነጂም ከሐኪሙና ከጠበቃው ጎን ይቀመጣሉ። አክስቴና ባሏ የደረሱት በዚያ ዘመን ነው። አሁን ግድግዳው ተመልሶ ተሠርቷል። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ብዙ ለከፈለ የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ገንዳ፣ የራሱ አሳላፊ አለው።

መጠኑም ሌላ ነገር ነው። ከ1977 እስከ 1986 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረውና ስንቱን ሰው ክሩዝ ያስመኘው «ዘ ላቭ ቦት» ድራማ የተሠራባት መርከብ የምትጭነው 600 ገደማ መንገደኛ ነበር። በ1988 የወጣችው ሶቨሪን ኦፍ ዘ ሲስ ከ2,000 በላይ ጫነች፤ ጉድ ተባለ። በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ሲያድር 5,610፣ ጢም ብላ ስትሞላ ደግሞ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች። ሠራተኞቿ 2,350 ናቸው። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ለሁለት ተኩል ሰው አንድ ሠራተኛ አይሞላም ብላችሁ ነው? እጁ አለ። ግን የተበተነው ተጨማሪ የሚያስከፍለው ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሱቁ፣ የውሃ ሸርታቴው፣ ያቺ የመስታወት በር ውስጥ ነው። ለተራው ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

አንዳንዱን ደግሞ ራሳችን መንገደኞቹ ነን የጠየቅነው። በ2000 አንድ የታወቀ ኩባንያ «በፈለጋችሁት ሰዓት፣ ከፈለጋችሁት ሰው ጋር ብሉ» የሚል አሠራር ሲያመጣ ሰው ደስ አለው። ማን ነው በሽርሽሩ ላይ በደወል መብላት የሚፈልግ? ሌሎቹም ተከተሉ። ነፃነቱ ሲመጣ አርብን የሚያስታውሰው ሕንዳዊ ሄደ። ከዚያ ኮሮና መጣ። በማርች 2020 መርከቦቹ ቆሙ፤ ከአሜሪካ ወደቦች እንደገና መንገደኛ ጭነው የተነሱት በጁን 2021 ነው። ስንትና ስንት ልምድ ያለው ሠራተኛ በዚያው አገሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ተራ ክፍል በቀን አንዴ ብቻ መጽዳቱ ደንብ ሆኗል።

ዋጋው ጋ ስንመጣ ግን አክስቴም መልስ አጣች። የ1997ቱን ደረሰኝ አስቀምጣዋለች (ምን የማታስቀምጠው አለ!)። ለሁለት ሰው የከፈሉት ከአሁኑ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ መቶ ዶላር አይሞላም። የዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ደግሞ የዛሬን ሁለት ዶላር ያህል ይገዛ ነበር። እንግዲህ በግማሽ ዋጋ ነው የሄድነው ማለት ነው። ግማሹን ኩባንያው በመጠጡ፣ በኢንተርኔቱ፣ በፎቶግራፉ፣ በቁማር ቤቱ ይለቅመዋል፤ ቀሪውን ደግሞ ከሠራተኛው ጉልበት።

ያን ዕለት ማታ፣ ከመስታወቱ በር እንደተመለስን፣ አክስቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሂሳቧን በስልኬ አሳየኋት። ለአንድ ሰው በቀን 16 ዶላር ጉርሻ በራሱ ጊዜ ተቆርጧል። ዛሬ በአብዛኞቹ መርከቦች እንዲህ ነው፤ ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይቆርጣሉ፣ ፖስታው ቀርቷል። አልፈልግም ያለ ሪሴፕሽን ሄዶ ማስነሳት ይችላል።

«አስነሺው!» አለች።

«አክስትዬ፣ ተይው በናትሽ…»

«ጉርሻ እኮ ወደሽ፣ በእጅሽ የምትሰጪው ነው! ተቆርጦ የሚወሰድማ ግብር ነው። ማን እንደሆነ ለማላውቀው፣ ስሜን ለማያውቅ፣ አይብ በጾም ላቀረበልኝ? ሂጂና አስነሺ።»

ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ የቆመ ወፍራም ሰውዬ ለሚስቱ «ሁልጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው የማስነሳው፤ ያን ጊዜ ቅር ያሰኘሽን ነገር ለመናገር ማስረጃ አታጪም» እያለ ያስረዳታል። ያን ጠዋት ኢንዶኔዥያዊው ልጅ እርጥብ ፎጣችንን ሲሰበስብ በጨዋታ ጨዋታ የገቢው ዋና ክፍል ከዚያ ጉርሻ እንደሚመጣ ነግሮኝ ነበር። ሰውዬው ፎርሙን ሞልቶ ሲስቅ አየሁት። ተራዬ ሁለት ሰው ሲቀረው ከሰልፉ ወጣሁ። ባሕሩን ትንሽ አየሁና ተመለስኩ።

«ተነሳ?»

«ተነሳ።»

ይቺው ናት ውሸቴ። አንዲት ቃል።

በማግስቱ አንዲት ጥበብ ደረስኩበት፤ ለምትሄዱ ትጠቅማችኋለች። በብዙ መርከቦች ላይ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ ጨርሶ አልቀረም፤ ለጠየቀ ይሰጣል። ጠይቄ አስቀየርኩ። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ «ጾም» ብላችሁ አትድከሙ፤ «ቪጋን» በሉ፣ ያውም ቲኬቱን ስትገዙ አስመዝግቡት። ከአራተኛው ማታ ጀምሮ አንዲት ፊሊፒናዊት ያዘችን፤ በአምስተኛው ማታ ሳንናገር የምስር ሾርባ አመጣች። አክስቴ ቀና ብላ አየቻትና ስሟን ጠየቀቻት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የሰማሁት ድምፅ የአክስቴ ነው። ከኢንዶኔዥያዊው ልጅ ጋሪ አጠገብ ቆማ እንደ ተቆጣጣሪ ትጠይቀዋለች። ስንት ክፍል ነው የያዝከው? ሃያ ስድስት። ስንት ወር? ዘጠኝ። እረፍት በሳምንት ስንት ቀን? ልጁ ሳቀ። የእረፍት ቀን የለም፤ ሰዓት እንጂ። ሴት ልጁ መራመድ የጀመረችው እሱ ባሕር ላይ ሳለ ነው፤ በስልክ ነው ያያት።

አክስቴ ክፍል ገብታ የአልጋውን ጥግ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «አየሽው ይሄን እጥፋት? ልጁ ሥራ ያውቃል። ጊዜ ነው ያጣው» አለች። ቀጥላም «እኔ አሥራ አምስት ክፍል በዛብኝ ብዬ ማኅበሩ ዘንድ ሄጄ ጮኼአለሁ፤ ያውም ሁለት ቀን እያረፍኩ» አለች። እሱ ለማን ይጩህ? እነዚህ መርከቦች መነሻቸው ማያሚ ይሁን እንጂ የሚያውለበልቡት የባሃማስን፣ የፓናማን፣ የመሳሰሉትን ባንዲራ ነው። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ራሱ በቀን እስከ 14፣ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል።

ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም። እሷም ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።

በመጨረሻዋ ማታ «ውሃ ልጠጣ» ብላ ወጣች። ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች፤ እጇ ላይ የታተመ ወረቀት አለ። ለሁለት ሰው፣ የሰባት ቀን፣ 224 ዶላር። አንድም ሳንቲም አልተነሳም።

«ይመለስለት ብዬ ተሰለፍኩ» አለችኝ። «‹እመቤቴ፣ መቼ ተነሳና!› አለችኝ ልጅቷ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። እንደ ዘባራቂ አሮጊት ቆሜ ቀረሁ።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ምክንያቴንም ነገርኳት። አዳመጠችኝ። «ያደረግሽው ባይከፋም የነገርሽኝ ከፋ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ፣ ጨለማው ውስጥ፣ «አልጋ ላይ አንድ ዶላር ትተውልኝ የሄዱትን ሰዎች የክፍል ቁጥር አሁንም አስታውሳለሁ» አለች።

ጠዋት ስነቃ አክስቴ ከተነሳች ቆይታለች። የሁለታችንንም አልጋ አንሶላ ገፍፋ፣ ፎጣዎቹን በአንዱ አንሶላ ውስጥ ጠቅልላ ቋጥራ፣ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ለሥራው የሚመቸው እንዲያ ነው፤ አሥር ደቂቃ ታተርፍለታለች። ከቋጠሮው ላይ አንድ ፖስታ አለ። ውስጡ ስንት እንዳለ አልነገረችኝም።

ከመርከቡ ወርደን እቤታችን እስክንገባ አላናገረችኝም። አሁን ታርቀናል። ግን ሱቅ በላከችኝ ቁጥር፣ ለዳቦም ቢሆን፣ ደረሰኝ ትጠይቀኛለች።